እጅ ጌጅ አይደለም

«ማስተር፣ ይቺ ሆዝ የሆነ ቦታ ታንጠባጥባለች። እጄን ላስኪድባትና ቀዳዳዋን ልፈልጋት?»

«ቀዳዳዋን አግኝተህ ጣትህን እንዳታጣ! ካርቶን አምጣ!»

ስካቫተር፣ ሎደርና ግሬደር በሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው አጸፋ የለም። ካርቶኑ ከዕቃ ማሸጊያ ይቀደዳል፤ ረዘም ባለ ዘንግ ጫፍ ይታሰራል፤ ሰውየው ፊቱን ሸፍኖ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ በሆዙ ዙሪያ ቀስ እያለ ያስኬደዋል። ካርቶኑ ከረጠበ ወይም ከተበሳ ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። የተበሳው ካርቶን ይጣላል፣ ሌላ ይቀደዳል። ጣት ግን ሌላ አይቀደድም።

የዛሬው ተረብ ለሃይድሮሊክ ሰዎች ነው፤ ሆዝ ለሚገጥሙ፣ ጃክ ለሚያድሱ፣ ፓምፕና ኖዝል ለሚፈትኑ። ጥገናው አልቆ ዕቃው ፕሬዠር ገብቶበት ሲሞከር እዚያው አካባቢ የሚወረወሩ ማመካኛዎች አሉ። ሁሉም በፈገግታ ነው የሚነገሩት፤ ግን እጅ ያስቆርጣሉ። ስለዚህ መልሳቸው ምላስ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንወቅ። ለቤት መኪና ጎማ የምንሞላው አየር ከ2 እስከ 2.5 ባር ነው። ስካቫተር ባልዲውን ሲያነሳ ሆዙ ውስጥ የሚሄደው ዘይት ግን 350 ባር አካባቢ ይደርሳል። የፍተሻ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ እናወጣዋለን፤ ምክንያቱም ፈተና ነው። ወደ ማመካኛዎቹ እንሂድ።

«ዘይት ነው ባክህ፤ ታጥቦ ይለቃል።»

«ከእጅህ ላይ ታጥቦ ይለቃል። ከእጅህ ውስጥ የሚወጣው ግን በቢላዋ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ በየጋራዡ ብዙ ሰው የማያምነው ይህን ስለሆነ። የሰውን ቆዳ ለመብሳት 7 ባር ያህል ግፊት ይበቃል። ሆዙ 350 ባር ይዞ የመርፌ ጫፍ የምታክል ስንጥቅ ካለችበት፣ ዘይቱ ከዚያች ስንጥቅ የሚወጣው ዓይን በቅጡ በማያየው ቀጭን መስመር ነው። ጣት ሲያገኝ አይፈስበትም፤ ይገባበታል። ገብቶም ባለበት አይቆምም፤ የጣቱን ጅማት ሽፋን ተከትሎ ወደ መዳፍ፣ አንዳንዴም ወደ ክንድ ይዘልቃል። ዘይቱ ሥጋውን ይመርዘዋል፤ እብጠቱ ደግሞ የደም ሥሩን ያፍነዋል።

ብዙ ጊዜ የሚመታው የግራ እጅ ሌባ ጣት ነው። ቀኙ መፍቻ ይዟል፣ ግራው ሆዙን ይዳስሳል። ጣቱ ጫፍ ላይ የምትታየው እሾህ የወጋው የምትመስል አንዲት ነጥብ ናት። ደም የለም፣ ሕመሙም ያን ያህል አይደለም፤ ትንሽ መደንዘዝ ብቻ። ሰውየው ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጣቱ ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ይገረጣል፣ ትር ትር ማለት ይጀምራል።

ይህ ዛሬ የተገኘ ነገር አይደለም። ሪስ የተባለ ሐኪም ከናፍጣ ሞተር በከፍተኛ ግፊት የወጣ ነዳጅ ሥጋ ውስጥ መግባቱን በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የዘገበው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡ 435 እንዲህ ያሉ የእጅ ጉዳቶችን መርምሮ፣ ከ10ሩ 3ቱ ያህል መጨረሻቸው መቆረጥ እንደነበር አሳይቷል። ዘይትና ነዳጅ በገባባቸው ሰዎች ላይ በ6 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ጣታቸውን የማዳን ዕድላቸው ከዘገዩት የተሻለ ነበር። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰዓት አለ ማለት ነው።

«ጓንት አድርጌያለሁ እኮ።»

«ጥሩ፤ አንድ ላይ ትበሳላችሁ።»

ጓንት ከትኩስ ዘይትና ከስለት ያድናል፤ ይደረግ። ይህን ጅረት ግን የተለመደው የቆዳ ጓንት አያቆመውም።

«የኖዝሉን ርጭት በመዳፌ ልየው፤ ኃይሉን የማውቀው በእጄ ነው።»

«እጅህ የሚያውቀው አንዴ ብቻ ነው!»

ኖዝል ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ይቺ ልማድ ትቁም። የድሮው የናፍጣ ሞተር ኖዝል እንኳ የሚከፍተው በ200 ባር አካባቢ ነው፤ የዛሬው ኮመን ሬይል ከ1600 ባር በላይ ይወጣል። ርጭቱ የሚታየው ውስጡን በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ግፊቱ የሚነበበው በጌጅ ነው። መዳፍ በዚህ መካከል ምንም ሥራ የለውም።

ወደ ሆዝ ቤት እንለፍ።

«ትንሽ ናት የምታንጠባጥበው፤ እንዲሁ እያለች ላጥብቃት።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ፕሬዠር እያለ ያጠበቅከው ፕሬዠር እያለ ይለቃል።»

ፊቲንግ ግፊት ተሸክሞ ሳለ መፍቻ አይነካውም። ግፊቱ ይውረድ፣ ጌጁ ዜሮ ይምታ፣ ከዚያ ይጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና ይሞከር። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

«አምስት ደቂቃ? ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የፈሰሰ ጣት ግን አይለቀምም።»

«ይቺ ፊቲንግ ከአሮጌው ሆዝ የወጣች ናት፤ አሁንም ታገለግላለች።»

«ከአንዱ ያመለጠች ከሌላው ጋር ትኖራለች ብለህ ነው?»

በፕሬስ የተነከሰ ፊቲንግ የሚነከሰው ለአንድ ሆዝ፣ ለአንድ ጊዜ ነው። ተፈልቅቆ ወጥቶ ድጋሚ ሲነከስ ጥርሱ ሆዙን አይይዘውም፤ ሲፈተን ደግሞ ከነብረቱ ይወረወራል። የአንዱን ፋብሪካ ሆዝ ከሌላው ፋብሪካ ፊቲንግ ጋር በግምት ማጋባትም ያው ነው፤ ልኩ በፋብሪካው ሰንጠረዥ ላይ አለ፣ ይታይ።

«ሆዙ አራት እጥፍ ይችላል ይላሉ፤ እስኪ ሦስት እጥፉን እንሞክረው።»

«አራት እጥፉ መፈንጃው ነው! ደጁ ድረስ ሄደህ አንኳኩተህ ልትመለስ ነው?»

ሆዙ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሥራ ግፊቱ ነው። 350 ባር ከተባለ በእጥፉ፣ በ700 ባር ይፈተናል፤ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ተይዞ ይለቀቃል። ወደ 1400 ማቃረብ ሆዙን መጉዳት ነው፤ ያን ቀን ሳይፈነዳ ይወጣና ማሽን ላይ ተገጥሞ፣ ከሥሩ ሰው ቆሞ ሳለ ይለቃል። ሲፈተንም ሁለቱ ጫፎች በሰንሰለት ወይም በማቆያ ይታሰሩ። ፊቲንጉ የለቀቀ ሆዝ እንደ ተመታ እባብ ይጋረፋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት አጥንት ይሰብራል።

«ኮምፕሬሰር አለን አይደል? በአየር እንሞክረውና ዘይት አናባክን።»

«ዘይቱ ቢያመልጥ ወለሉን ትወለውላለህ። አየሩ ቢያመልጥ ግን ወለሉን የሚወለውለው ሌላ ሰው ነው።»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ በ100 ባር ሲጨመቅ መጠኑ የሚቀንሰው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ዘይትም እንደዚሁ ጥቂት ነው የሚታመቀው። ስለዚህ ዕቃው ቢሰነጠቅ የታመቀው ትንሽ ስለሆነ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። አየር ግን በ100 ባር ሲታመቅ ከመቶ አንድ ይሆናል፤ ዕቃው ሲቀደድ ያ ሁሉ መቶ እጥፍ ሆኖ በአንድ ቅጽበት ይመለሳል። ፈንጂ የሚያደርገው ይህ ነው። በዘይት ስንፈትንም ቢሆን ውስጥ የቀረ አየር ካለ ያው አደጋ አብሮ ገብቷል። ስለዚህ ሆዙም ጃኩም መጀመሪያ ቀስ ብሎ በዘይት ይሞላ፤ የላይኛው ጫፍ ከፍ ተደርጎ አየሩ ይውጣ፤ አረፋ የሌለው ዘይት ሲመጣ ይዘጋ። ከዚያ ነው ግፊት የሚጀመረው፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን በደረጃ፣ በየደረጃው ቆም እየተባለ።

ጃክ ቤት ደግሞ ሌላ ክርክር አለ፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት።

«የእኔ ፓምፕ 200 ባር ነው። ከ200 በላይ ከየት ይመጣል?»

«አንተው ከደፈንከው ጫፍ ነዋ!»

እስኪ እናስላው። ፒስተኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ዘንጉ 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጃክ አለን እንበል። በፒስተኑ በኩል 200 ባር አስገባን። በዘንጉ በኩል ያለውን መውጫ ግን በብሎን ደፍነነዋል፤ «ዘይት እንዳይፈስ» ብለን። በዘንጉ በኩል ዘይቱ የሚያርፍበት ስፋት፣ ዘንጉ ቦታ ስለያዘበት፣ ከሌላው ወገን ግማሽ ያህል ነው። ያው ኃይል በግማሽ ስፋት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስሌቱ 392 ባር ይሰጣል። ጌጁ የተገጠመው በፓምፑ በኩል ስለሆነ 200 ብሎ ቆሟል። ሰውየውም 200 ነው ብሎ ጎንበስ ብሎ ጎሚኒውን ያያል። መውጫው ክፍት ሆኖ ወደ ታንከር ይመለስ፤ መደፈን ካለበትም ጌጅና የግፊት መቀነሻ ቫልቭ በዚያም በኩል ይገጠም።

ይኸው ጃክ በ200 ባር የሚገፋው 16 ቶን ነው።

«ፊት ለፊቱ ቆሜ ካላየሁት ምኑን ፈተንኩት?»

«አንተ ታየዋለህ፤ እሱ ግን አያይህም። ወደ ጎን ውጣ!»

የግፊት መቀነሻ ቫልቩም ስሞታ ይቀርብበታል።

«ይሄ ቫልቭ ቶሎ ቶሎ እየከፈተ አስቸገረን፤ ብሎኑን እስከ መጨረሻው እናጥብቀው።»

«የሚከፍተው ለአንተ ሲል ነው፤ አፉን ስትዘጋው ስለ አንተ የሚናገር ማን ይቀራል?»

የቫልቩ ልክ ከፈተናው በፊት፣ ከዝቅተኛው ተነሥቶ ጌጅ እየታየ ይስተካከል። ከተስተካከለ በኋላ ማንም እንዳይነካው ይታሸግ።

«ጌጁ ዜሮ ላይ ነው፤ መፍታት ትችላለህ።»

«ዜሮ ላይ የቆመው ፕሬዠር አጥቶ ነው ወይስ ሞቶ?»

ጌጅ ይወድቃል፣ ይመታል፣ መርፌው ይጣበቃል። ግፊት ሲገባ የማይንቀሳቀስ ወይም ግፊት ሲወጣ ዜሮ የማይመታ ጌጅ ከጠረጴዛው ይውረድ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል። በ350 ባር ለሚደረግ ፈተና 400 ላይ የሚያልቅ ጌጅ አይበቃም፤ 600 ላይ የሚያልቀው ይገጠም፤ መርፌው ሁልጊዜ ጫፍ ላይ እየተመታ ዕድሜ የለውም።

«ፓምፑን አጥፍቻለሁ፤ በቃ አልቋል።»

«ፓምፑ ጠፋ እንጂ ዘይቱ መች ሰማ?»

ይህ አጸፋ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ በትልቁ ቢጻፍ እወዳለሁ። ሞተር መጥፋቱ የታፈነውን ዘይት አያስለቅቀውም። መዝጊያ ቫልቭ ይይዘዋል፤ ወደ ላይ ተነሥቶ የቀረ ቡም በክብደቱ ይጫነዋል፤ አኩሙሌተር ካለ ደግሞ ናይትሮጅኑ ለሰዓታት እየገፋው ይቆያል። ስለዚህ የተነሣው ይውረድ፣ መሬት ይንካ። ማንሻዎቹ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሱ። ማፍሰሻው ይከፈት። ጌጁ በፓምፑ በኩልም በዕቃው በኩልም ይታይ። ማብሪያው ይቆለፍ፤ ቁልፉ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይግባ፣ ከአለቃውም ከጥበቃውም እጅ ይውጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው መፍቻ የሚነሣው።

አንድ ሌላም ነገር ይባላል፦ «ናይትሮጅን አልቋል፤ የብየዳውን ኦክስጅን ለአኩሙሌተሩ እንሙላው።» ለዚህኛው ተረብ የለኝም። አቁሙ። ኦክስጅንና ዘይት በግፊት ሲገናኙ ክብሪት አይፈልጉም፤ ራሳቸው ይቀጣጠላሉ። አኩሙሌተርም ሆነ የድንጋይ መስበሪያው ብሬከር የሚሞላው በናይትሮጅን ብቻ ነው። ከሌለ ሥራው ይደር።

የብየዳውን ነገር ካነሣን አይቀር፣ የፍተሻው ጠረጴዛና የብየዳው ቦታ ጎረቤት አይሁኑ። በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ዘይት እንደ ጉም ሆኖ ይበተናል፤ ባልዲ ውስጥ ያለ ዘይት በቀላሉ ባይነድም ጉም የሆነው ግን ፍንጣሪ ሲያገኝ ይነዳል።

አሁን ባለጋራዡን ላናግር።

«መከላከያ ሳጥን ውድ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው።»

«ላሜራው መርካቶ አለ፤ በያጁ ግቢህ ውስጥ አለ፤ ምኑ ነው ከውጭ የሚመጣው?»

ሆዝ መፈተኛ ሳጥን ከወፍራም ላሜራ ተበይዶ ክዳን ይሠራለታል። ማየት ካስፈለገ በፖሊካርቦኔት መስኮት ይታያል፤ የመስታወት መስኮት ግን ራሱ ስብርባሪ ሆኖ ይመጣል። ቫልቩና ጌጁ ከሳጥኑ ውጭ፣ ሰውየው ከሚቆምበት ወገን ይሁኑ። ግፊት ሲገባ በአካባቢው የሚቀረው ቫልቩን የያዘው ሰው ብቻ ነው፤ ሻይ የሚጠጣውም፣ ሒሳብ የሚጠብቀው ደንበኛም ይውጣ። የዓይን መነጽርና የፊት መከላከያ ለሁሉም ይኑር። ይህን ከቸርነት አትቁጠረው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብን፣ ሠራተኛውን ማስገንዘብን፣ አደጋን መመዝገብንና ማሳወቅን በአሠሪው ላይ ይጥላል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛውን ይመለከታል፤ የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀም፣ አደገኛ ነገር ሲያይ ወዲያው እንዲያሳውቅ።

ችግሩ ያለው ግን እዚህ «ያሳውቅ» የሚለው ላይ ነው። ጋራዥ ውስጥ ሆዙን የሚይዘው፣ ጎንበስ ብሎ የሚያየው፣ «ና እስኪ ዳሰስ አድርጋት» የሚባለው ረዳቱ ነው። ሙያ የሚማረው ከማስተሩ ነው፤ እንጀራውም በማስተሩ እጅ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ታናሽ ለታላቅ አፉን አይከፍትም። ማስተሩ «እኔ ሃያ ዓመት ስሠራ ምንም አልሆንኩም» ሲለው ልጁ ምን ይበል?

እኔ እንዲህ ይበል እላለሁ፦ «ጋሼ፣ ሃያው ዓመት የእርስዎ ነው፤ ዘይቱ ግን ዛሬ ነው የተሞላው።»

ካልሰሙትም አንድ አለው፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ያሠለጠኑትን እጅ እርስዎ አያስቆርጡት።»

ይህ ንቀት አይደለም፣ ድፍረትም አይደለም። የሚያስብ ማስተር ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል፤ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነውና። ተቆጥቶ የሚያባርር ካለ ልጄ፣ ሌላ ጋራዥ ይገኛል።

የመጨረሻው ቃሌ ይህን ለሚያነቡ ሚስቶች፣ እናቶችና ወንድሞች ነው፤ የመካኒኩ ጣት ማታ የሚታየው እናንተ ጋ ነውና። ቤት ገብቶ ጣቱን ደበቅ ካደረገ፣ «ምንም አይደል፣ ትንሽ ወጋኝ» ካለ፣ ጠይቁት፦ ፕሬዠር ያለው ዘይት ነው ወይ? ነው ካለ «ነገ ካልተሻለኝ እሄዳለሁ» የሚለውን አትቀበሉት፤ ነገ እሱ ይሄዳል፣ ጣቱ ግን ላይከተለው ይችላል። ራቱም ይቆየው፤ ማደንዘዣ ሊሰጠው ስለሚችል ባዶ ሆዱን ይሂድ። እጁን ከፍ አድርጎ ይያዝ፤ ቁስሉን አትጭመቁት። የዘይቱን ስም ከጣሳው ላይ በስልክ አንሡት። ሆስፒታል ስትደርሱ የቲታነስ መርፌና ኪኒን ብቻ ተሰጥቶት እንዳይመለስ በሩ ላይ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት እጁ ውስጥ ገብቷል፤ አሁኑኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይየው።»